«አልጋ ያዝኩ» ከማለታችሁ በፊት ሰው ቁጠሩ!

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅርም ስለ ትዳርም አይደለም፤ ስለ አልጋ ነው። ኧረ ቀስ! ወደ ሌላ እንዳትወስዱብኝ። የማወራው ስለ ሆቴል አልጋ፣ ያውም ባሕር ማዶ ስላለው የሆቴል አልጋ ነው።

እስቲ አንድ ነገር አስተውሉ። እኛ አገር ሰው ማደሪያ ሲፈልግ «ክፍል አለ?» አይልም። «አልጋ አለ?» ነው የሚለው። «አልጋ ስንት ነው?»፣ «አልጋ ያዝኩ»፣ «አልጋ ሞልቷል»... ለኛ ሆቴል ማለት አልጋ ነው። አንዴ አልጋውን ከያዝን ስንት ሰው ተኛበት የኛ የግል ጉዳይ ይመስለናል። እርግጥ እዚህም ለሁለት ሰው ዋጋ የሚጨምሩ ሆቴሎች ሞልተዋል፤ አባባላችን ግን ያው ነው። ይህችን ልማድ ሻንጣ ውስጥ ከትተን አውሮፕላን ስንሳፈር ነው ጉዱ የሚመጣው። እዚያ ክፍል ሌላ ነው፣ አልጋ ሌላ ነው፣ ሰውም ሌላ ነው። ሦስቱም ለየብቻ ዋጋ ሊወጣላቸው ይችላል።

ይህን ከማንም ሰምቼ አይደለም። ዱባይ ላይ ደርሶብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር

ጓደኛዬ ትንሽ ቡቲክ አላት። ዕቁብ ሲደርሳት ልብስና ጫማ ለማምጣት ዱባይ ለመሄድ ተነሣች። እኔንም «ሻንጣ ታግዥኛለሽ፣ በዚያውም አገር ታያለሽ» ብላ ጎተተችኝ። የኛ አገር ነጋዴዎች በሚያዘወትሩት ዴይራ በሚባለው ሠፈር ለ5 ሌሊት አንድ ክፍል ተያዘልን። ሁለት አልጋ፣ ለሁለት ሰው፣ በሌሊት 180 ድርሃም። ትኬቱን የቆረጠልን ሰው «ለስንት ሰው?» ብሎ ሲጠይቀን «ለሁለት» አልነው። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ታዲያላችሁ፣ ለካ ሁለት ብቻ አልነበርንም። የአክስቴ ልጅ ሻርጃ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከተያየን አራት ዓመት አልፎናል። አክስቴ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ዳቦ ቆሎውን ቋጥራ ስትሰጠኝ «አደራሽን፣ አንድ ሌሊት እንኳ አብረሻት እደሪ። ከስታ እንደሆነም አይተሽ እውነቱን ንገሪኝ» ብላኛለች። ልጅቷም ማዳሟን ለምና ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ማታ ፈቃድ አገኘች። እኛ ደግሞ ሰኞ ንጋት ላይ በረራ አለብን። ከዚያች ከቅዳሜ ሌሊት ሌላ አብረን የምናድርበት ሌሊት አልነበረንም።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መጣች። ሪሴፕሽኑን ሦስታችንም እየሳቅን አልፈን፣ ሊፍት ውስጥ ገብተን፣ ወደ ክፍላችን ወጣን። ማንም ምንም አላለንም። ሁለቱን አልጋዎች ገፋ ገፋ አድርገን አገጣጠምናቸው። ዳቦ ቆሎው ተፈታ። ወሬው ጦፈ። ስለ ሠፈሩ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ... እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ። መክሳቷን አይቻለሁ፤ ግን ምንም አላልኳትም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። «ክፍላችሁ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» ጓደኛዬ ደንግጣ «ቱ!» ብላ ዘጋችው። አምስት ደቂቃ አልቆየም፣ በሩ ተንኳኳ። የሆቴሉ ጥበቃ ነው። ኮሪደሩ ላይ ካሜራ መኖሩን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ወደ ሪሴፕሽን ወረድን። የሌሊቱ ተረኛ የሚናገረው ዐረብኛ ነው። ከሦስታችን ዐረብኛ የምትችለው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። እናም የራሷን ጉዳይ ራሷ ልታስተረጉምልን መሐላችን ቆመች። ሰውየው ረዘም አድርጎ ተናገረ። እሷ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ከዚያ ወደኛ ዞረችና «ሌላ ሰው ማሳደር አይፈቀድም ነው የሚለው። ችግር የለም፣ እኔ ልሂድ» አለችን። «ቆይ እስቲ እንለምነው» ብንል «ተዉት፣ ሕጋቸው ነው» ብላ ቦርሳዋንና የእናቷን ቋጠሮ አንጠልጥላ ወጣች።

በዚያ ሰዓት ማዳሟ ቤት መመለስ አትችልም። እዚያው ዴይራ አንዲት የአገሯ ልጅ ዘንድ ሄደች። በዚያ ከተማ «ቤድ ስፔስ» የሚሉት ነገር አለ፤ ሙሉ ክፍል ሳይሆን ክፍል ውስጥ ያለች አንዲት አልጋ ብቻ በወር የሚከራዩበት። በዚያች በአንዷ አልጋ ሁለት ሆነው አደሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሪሴፕሽን ላይ የነበረው ሌላ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛ ይናገራል። ጓደኛዬ አልበርድ ብሏት «ለምንድነው እንግዳ የማታሳድሩት?» አለችው። ልጁ ግራ ተጋባ። «እናሳድራለን እንጂ! መታወቂያዋን ታስመዘግባለች፣ ለሌሊቱ 120 ድርሃም ይከፈላል፣ ተጣጣፊ አልጋ እናስገባለን» አለን።

ገባችሁ? የማታውም ሰው የተናገረው ይህንኑ ነው። ለውጣ የተረጎመችልን እሷ ናት፤ ብር እንዳናወጣባት።

እሑድ ከሰዓት ስንገናኝ ተቆጣኋት። እሷ ግን ሳቀች። «120 ድርሃም እኮ እኔ ስንት ቀን እንደምሠራበት አታውቂም። ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ እንዲህ ያለ ገንዘብ አላስወጣችሁም» አለችኝ። ምን ትሏታላችሁ?

ይባስ ብሎ ሰኞ ሌሊት ሒሳብ ስንዘጋ ደረሰኙ ላይ «ተጨማሪ እንግዳ፣ 120 ድርሃም» የሚል መስመር አገኘን። ያላደረች ልጅ! ተከራከርን። «መታወቂያዋ የተመዘገበበትን አሳዩን» ስንል የሚያሳዩት ጠፋ፤ ሰረዙልን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ አድራ ቢሆን ኖሮ ያችን 120 ድርሃም ደስ እያለኝ እከፍላት ነበር።

ለምን ሰው ይቆጥራሉ?

እኔም መጀመሪያ «ስግብግብነት ነው» ብዬ ነበር። በኋላ ግን ሳጣራ ነገሩ ገንዘብ ብቻ አይደለም።

በብዙ አገሮች ሆቴል ያሳደረውን እያንዳንዱን ሰው የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ጣሊያን ውስጥ ሆቴሎች የእንግዶቻቸውን ማንነት በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ያስተላልፋሉ። ቻይና ደግሞ ጠበቅ ይላል። ነጋዴዎቻችን የሚመላለሱበትን ጓንጁን ውሰዱ። ሆቴል ስታርፉ ሆቴሉ ያስመዘግባችኋል፤ ጓደኛ ወይም ዘመድ ቤት ካደራችሁ ግን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት በ24 ሰዓት ውስጥ እናንተ ወይም ያሳደራችሁ ሰው ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለባችሁ። ስለዚህ «ተደብቃ ትግባ» የምትሏት እኅታችሁ ከገንዘብ ቅጣት ያለፈ ጣጣ ውስጥ ልትገባ ትችላለች ማለት ነው።

ሁለተኛው እሳት ነው። እግዚአብሔር አያምጣውና ሌሊት እሳት ቢነሣ፣ ሆቴሉ በየክፍሉ ስንት ሰው እንዳለ የሚያውቀው በመዝገቡ ነው። መዝገቡ ላይ የሌለን ሰው ማን ብሎ ይፈልገዋል?

ሦስተኛው ወጪ ነው። ፎጣው፣ ውኃው፣ አንሶላው፣ ቁርሱ በሰው ልክ ይጨምራል። አዎ፣ ንግድም ነው፤ አንዳንዱ ሆቴል ምንም ሳይጨምርላችሁ «ተጨማሪ ሰው» ብሎ ብቻ ያስከፍላል። እሱን የምታመልጡት ግን አስቀድማችሁ በመጠየቅ ነው እንጂ በመደበቅ አይደለም።

ሒሳቡ ላይ የሚመጡት

«ተጨማሪ ሰው» እና «ተጨማሪ አልጋ» አንድ አይደሉም። አንዱ ሆቴል አልጋ ባያስገባላችሁም ለሦስተኛው ሰው ያስከፍላል። ሌላው የሚያስከፍለው ተጣጣፊ አልጋ ካስገባ ብቻ ነው። አንዱ በዚያ ዋጋ ቁርስ ይጨምራል፣ ሌላው ለቁርስ ለብቻው ይቆርጣል። ልጆች ሲሆኑ ደግሞ ብዙ ሆቴሎች ከወላጆቻቸው አልጋ ላይ ለሚተኙ ትንንሽ ልጆች አያስከፍሉም፤ ለጨቅላ የሚሆነውን ባለ አጥር አልጋም በነፃ የሚሰጡ አሉ። የዕድሜው ጣሪያ ግን ከሆቴል ሆቴል ይለያያል። የአንዱ ስድስት ዓመት ሲሆን የሌላው አሥራ ሁለት ነው። «ልጅ ነው እኮ!» ማለት አያዋጣም፤ ዕድሜውን ተናገሩ።

ከዚህ በላይ ታክስ አለ። ዱባይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ «ቱሪዝም ድርሃም» የሚባል ክፍያ አላት። እንደ ሆቴሉ ኮከብ በሌሊት ከ7 እስከ 20 ድርሃም ይደርሳል። የሚቆጠረው በክፍል ነው። ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል 10 ድርሃም ስለሆነ ለ5 ሌሊት 50 ድርሃም ነው፤ ሁለትም ሁኑ ሦስት ያው 50 ነው። ሮም ብትሄዱ ግን የከተማው ክፍያ በነፍስ ወከፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ያረፈ አንድ ሰው በሌሊት 6 ዩሮ ይከፍላል። ሁለት ሰው ለ4 ሌሊት 48 ዩሮ፣ ሦስት ሰው ከሆናችሁ ደግሞ 72 ዩሮ ማለት ነው። ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። ይህ ብዙ ጊዜ ቀድማችሁ ከከፈላችሁት የክፍል ዋጋ ውጭ፣ ሆቴሉ ላይ የሚጠየቅ ስለሆነ «ከፍለን ጨርሰናል» ብሎ ኪስን ባዶ አድርጎ መሄድ አደጋ አለው።

ዱባይ ላይ በተጨማሪ 5 በመቶ ቫት፣ 7 በመቶ የማዘጋጃ ቤት ክፍያ፣ ብዙ ሆቴሎች ላይ ደግሞ 10 በመቶ የሰርቪስ ክፍያ አለ። ስለዚህ «120 ድርሃም» ያላችሁ ሰው ታክሱን ሳይጨምር ነግሯችሁ ከሆነ፣ ስትከፍሉ ከ145 ድርሃም ሊያልፍ ይችላል። «ሁሉንም ያካተተ ነው?» የምትለዋ ጥያቄ እንዳትረሳችሁ።

ይህ ሁሉ ለኛ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወደ 57 ብር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ድርሃም ደግሞ ከዶላር ጋር ታስሮ የሚሄድ ነው፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው። እዚያ አንድ መስመር ደረሰኝ ላይ ስትጨመር እዚህ ስንት ብር እንደምትሆን እናንተው አስሉት።

ብዙ ሆኖ መሄድ ሁልጊዜም አያስወድድም

ተቃራኒውም አለ። ለዑምራ መካ የሄደ ሰው ጠይቁ። እዚያ የጉዞው ዋጋ የሚወጣው በአንድ ክፍል ስንት ሆናችሁ እንደምታድሩ ታይቶ ነው። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ተብሎ ይለያል። ክፍሉን የሚጋሩት በበዙ ቁጥር በነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ይቀንሳል። ቁም ነገሩ ምን መሰላችሁ? ከመጀመሪያው «ሦስት ነን» ብሎ የሦስት ሰው ክፍል መያዝ፣ የሁለት ሰው ክፍል ይዞ ሦስተኛውን በኋላ ከማስገባት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ባንኮክ ለሕክምና የሚሄዱ ቤተሰቦችም ይህን ልብ ይበሉ። አንድ ታማሚ ይዘው ሁለት አስታማሚ ሆነው ይሄዳሉ፤ ታማሚው ከሐኪም ቤት ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ይሆናሉ። ሰንበት ለሚል ሰው ማብሰያ ያለው አፓርታማ መሰል ማረፊያ መጠየቅ ይሻላል። እዚያ ከተማ አንዳንድ ሆቴል የሌሊት እንግዳ ሲመጣ መታወቂያ ሪሴፕሽን እንዲያስይዝ ያደርጋል፣ ያስከፍላልም።

«ማን ያየናል» ለሚሉ

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ ዱባይ የሚመላለስ ወጣት «ምን ታካብጃለሽ? እኛ እኮ ለሁለት ተይዞ አራት ሆነን ነው የምናድረው፤ ተራ በተራ መግባት ነው» አለኝ። ይሁንለት። ግን ልጠይቀው፤ የተያዙ ዕለት የሚያፍረው ማነው? ክፍሉን በስሙ የያዘው ፓስፖርቱን ይዞ እላይ ይቀመጣል። በሌሊት ቦርሳዋን አንጠልጥላ የምትወጣው ስሟ ያልተመዘገበው ናት። እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን ያዙ

1. ዋጋ ስትጠይቁ «አልጋ ስንት ነው?» አትበሉ። «ለሦስት ሰው፣ ለአምስት ሌሊት፣ ታክሱን ጨምሮ ስንት ነው?» በሉ። በስልካችሁም ክፍል ስትይዙ ትክክለኛውን የሰው ቁጥርና የልጆቹን ዕድሜ ሙሉ።

2. የአልጋውን ዓይነት ለዩ። «ደብል» ካሏችሁ አንድ ሰፊ አልጋ ነው፣ «ትዊን» ካሏችሁ ሁለት አልጋ ነው፣ «ትሪፕል» የሦስት ሰው ክፍል ነው። ከወንድማችሁ ሚስት ጋር አንድ ሰፊ አልጋ ላይ እንዳትገኙ!

3. የተጨማሪ ሰው፣ የተጨማሪ አልጋና የቁርስ ዋጋ ለየብቻ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ያዙ፤ በኢሜይልም ሆነ በዋትስአፕ ይሁን። ትኬት የቆረጠላችሁ ሰው በቃል ያለው እዚያ ሪሴፕሽን ላይ አይሠራም።

4. አወዳድሩ። በሌሊት 120 ድርሃም ለተጨማሪ ሰው ከምትከፍሉ፣ 60 ድርሃም ጨምራችሁ ሌላ ሙሉ ክፍል የምታገኙበት ጊዜ አለ። የኛ ሆቴል ልክ እንደዚያ ነበር።

5. እዚያ የሚኖር ዘመድ ሊጠይቃችሁ የሚመጣ ከሆነ ገና ስትገቡ ተናገሩ። እስከ ስንት ሰዓት ክፍል ውስጥ መቆየት ይችላል? ቢያድርስ ስንት ነው? ምን መታወቂያ ይዞ ይምጣ? ዱባይ ውስጥ ነዋሪ የሆነ ሰው የነዋሪነት መታወቂያውን ይዞ ቢመጣ ይመዘገብለታል።

6. ስትገቡ የሚያስይዟችሁ ዲፖዚት ካለ መቼና እንዴት እንደሚመለስ ጠይቁ፤ ደረሰኙን አትጣሉ።

7. ሒሳቡን ልትወጡ ስትሉ ሳይሆን በዋዜማው ማታ አሠሩት። መስመር በመስመር አንብቡት። ሌሊት ታክሲ በር ላይ ቆሞ ክርክር አይመችም።

8. የመጨረሻዋ ከሁሉም ትበልጣለች። እንግዳችሁን በራሷ ጉዳይ አስተርጓሚ አታድርጓት። የማታውቁት ቋንቋ ከሆነ ዋጋውን በወረቀት ላይ በቁጥር አስጽፉ። ቁጥር ማንም ያነበዋል፤ ቁጥር ለማንም ብሎ አይዋሽም።

ዋጋ ስንጠይቅ የምናፍር ብዙዎች ነን፤ ድሀ የሚያስመስለን ይመስለናል። እኔ ግን አሁን ገብቶኛል። ጠይቆ ማፈር ለአንድ ደቂቃ ነው፤ ያኔ ያልጠየቅሁት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አዲስ አበባ እንደገባሁ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ገና ሳልቀመጥ «አብረሻት አደርሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

አክስቴ ጋዜጣ አታነብም፤ ስለዚህ እናንተም እንዳትነግሩብኝ። ጓደኛዬ በመጪው ዓመት እንደገና ልትሄድ ነው፤ እኔም አለሁበት። ክፍሉን በሦስት ሰው ስም እንይዛለን፤ ለልጅቷ ዋጋውን አንነግራትም፣ ተከፍሏል እንላታለን። ያን ጊዜ ለአክስቴ የነገርኳት እውነት ይሆናል።

ቸር ይግጠመን!